ልጁ አድጎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን?

በሕፃናት የአጥንትና የጡንቻ ሕክምና ስለሚደረግ ምርምር የቀረበ የሥነ ምግባር ሐሳብ



በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛ ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ደቀ መዛሙርቱ ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረውን ሰው ባዩ ጊዜ በደሉ የማን እንደ ሆነ፣ የራሱ ወይስ የወላጆቹ፣ ጌታን ጠየቁት። ጌታችን ግን ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም፤ የጥያቄውን መሠረት ራሱን ነቀለው። ከዚያም ጎንበስ ብሎ በምራቁ ጭቃ ለወሰና የሰውዬውን ዓይን ቀባ። ጥፋተኛ ፍለጋው ቀርቶ ለሰውዬው ምን ይደረግለት ወደሚለው ተሻገረ ማለት ነው።

ይህ የደቀ መዛሙርት ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው ደጋ፣ በመላው አገራችንም ቢሆን፣ እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን ሲታይ እርግማን ነው የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እናትም ልጅዋን በነጠላ ሸፍና ከሰው ዓይን ትሰውራለች። ለዚህ ስሕተት ቤተ ክርስቲያን ያላት መልስ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ አናተትም፤ ሕፃኑ በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረ ነው፤ ክብሩም በእግሩ ቀጥታነት አይለካም። ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ የሚታለፈውን ነገር ነው። ለዚህ ሕፃን የሚበጀው ሕክምና የትኛው እንደ ሆነ የምናውቀው እንዴት ነው? ይህ ዕውቀት የተገኘውስ በማን ሥጋ ላይ ነው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ጉዳይ

የቀደሙት የሥነ ምግባር መምህራን ከባድ ጥያቄ በገጠማቸው ጊዜ በምሳሌነት አንድ ጉዳይ አስቀምጠው በእርሱ ላይ ይመረምሩ ነበር። እኛም እንደዚሁ እናድርግ። በእንጅባራ አካባቢ ካሉት ደጋማ ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት አለች እንበል። የበኵር ልጅዋ ሁለቱም እግሮቹ ተቆልምመው ተወለዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትመክራት ልጅዋን አዝላ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ባሕር ዳር ደረሰች። ሐኪሙም ሕፃኑ በጀሶ ሊታከም እንደሚችል ካስረዳት በኋላ አንድ ወረቀት ሰጣት። ጀሶውን በሳምንት አንድ ጊዜ መቀየር ወይስ በሳምንት ሦስት ጊዜ መቀየር ይሻላል የሚለው እየተጠና ነው፤ ልጅዋ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚታከም የሚለየው ዕጣ ነው፤ ከፈቀደች ትፈርም ይላል ወረቀቱ።

ሴትዮዋ አፍዋን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ ወረቀቱ የተጻፈው ግን በአማርኛ፣ ያውም በመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው። ወረቀቱን በመቀነትዋ ቋጥራ ወደ ሰፈርዋ ተመለሰች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም የቁምስናውን የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ለብቻ ጠርታ፣ «ጋሼ፣ ልፈርም ወይስ ልተው? በልጅሽ ሊሞክሩበት ነው ይሉኛል» ብላ ጠየቀችው።

ሦስት መልሶች ፈጥነው ወደ አፍ ይመጣሉ። አንደኛው፣ «ሐኪም ያውቃል፤ ፈርሚ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ልጅሽ የመሞከሪያ እንስሳ አይደለም፤ አትፈርሚ» የሚል ነው። ሦስተኛው፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ነገሩን መዝጋት ነው። ሦስተኛው መልስ እውነት ቢሆንም በዚህ ቦታ ሲነገር ከኀላፊነት መሸሻ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ማወቁ እኛን ከማሰብ አያሳርፈንምና። ስለዚህ የቀሩትን ሁለቱን እንመርምር።

«አይሞከርበት» የሚለው ድምፅ

«በልጅ አይሞከርም» የሚለው ሰው ኋላ ቀር ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ ታሪክ ይመሰክርለታልና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ ከተማ የተሰየመው ችሎት በእስረኞች ላይ ዘግናኝ ሙከራ ያደረጉትን የናዚ ሐኪሞች ከዳኘ በኋላ፣ በ1947 ባወጣው ደንብ ላይ በመጀመሪያ ያስቀመጠው የሰውዬው የፈቃደኝነት ስምምነት ፈጽሞ የማይታለፍ መሆኑን ነው። ሕፃን ግን መስማማትም መቃወምም አይችልም። ደንቡ እንደ ቃሉ ቢወሰድ በሕፃናት ላይ የሚደረግ ምርምር ሁሉ ይዘጋ ነበር።

ከዚያም በኋላ ቢሆን በደል አልቀረም። በኒው ዮርክ በሚገኘው ዊሎውብሩክ በተባለ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ማሳደጊያ፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ፣ ተመራማሪዎች ልጆቹን ሆን ብለው በጉበት በሽታ ተሕዋስ አስያዟቸው። ወላጆቹ ፈርመዋል። ነገር ግን ማሳደጊያው ከመጣበቡ የተነሣ የተለመደው መግቢያ በተዘጋበት ጊዜ ልጆችን ይቀበል የነበረው የምርምሩ ክፍል ነበር። ልጁን የሚያሳርፍበት ሌላ ቦታ ያጣ አባት ያኖረው ፊርማ በእውነት ፈቃድ ነውን? ወረቀቱ ላይ ቀለም አለ፤ ነጻነት ግን የለም።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ነገር ዝም አላለችም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በመስከረም ወር 1952 ለሕክምና ሊቃውንት ባደረጉት ንግግር፣ የሳይንስ ጥቅምም ሆነ የማኅበረሰብ ጥቅም ወሰን እንዳለው፣ ሐኪምም በሕመምተኛው ሥጋ ላይ ያለው ሥልጣን ሕመምተኛው ራሱ ከሰጠው ፈቃድ እንደማያልፍ፣ ሕመምተኛውም ቢሆን የሥጋው ባለአደራ እንጂ ፍጹም ጌታ እንዳልሆነ አስተምረዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቊጥር 2295፣ ከሰው ክብር ጋር የሚጣላ ሥራ ሰውዬው ስለፈቀደ ብቻ ትክክል እንደማይሆን፣ ያለ መጠን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሙከራም የተወገዘ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም የሰውዬው ወይም ስለ እርሱ ሊናገሩ የሚገባቸው ሰዎች በዕውቀት የሰጡት ፈቃድ በሌለበት በደሉ እንደሚከፋ ይገልጻል። «ስለ እርሱ ሊናገሩ የሚገባቸው» የሚለውን ሐሳብ ልብ እንበል። የሕፃን እናት እዚህ ላይ ቦታ አላት።

ያልተመዘገበ ሙከራ

እንግዲህ ሁለተኛው መልስ አሸነፈ ማለት ነውን? ከመፍረዳችን በፊት የቆልማማ እግርን የሕክምና ታሪክ እንመልከት።

ይህ ጉድለት በዓለም ላይ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት በአንዱ ያህል ላይ ይታያል። ለብዙ ዘመን የቀዶ ጥገና ሐኪሞች የእግሩን ጅማትና የመገጣጠሚያ ሽፋን በሰፊው እየቈረጡ ያቀኑት ነበር። እግሩ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ሐኪሙም ሥራዬን ፈጸምሁ ይላል። ክፉ ሐሳብ የነበረው ማንም አልነበረም። ሆኖም ልጁ 30 ዓመት ሲሞላው እግሩ ምን እንደሚሆን ተከታትሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ከጠየቁት አንዱ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። ይህ ሰው በ1914 በስፔይን ግዛት በሜኖርካ ደሴት ተወለደ፤ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ቈስለኞችን ሲያክም ቈይቶ በ1939 ተሰደደ፤ በሜክሲኮ በኩል አልፎም በ1941 በአሜሪካ አዮዋ ደረሰ። በዚያም ቀደም ሲል በቀዶ ጥገና የታከሙትን ሰዎች መልሶ ሲመረምር እግሮቻቸው ደርቀው፣ ደክመውና ታመው አገኛቸው። ስለዚህ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሌላ መንገድ ጀመረ። ይኸውም የሕፃኑን እግር በእጅ በዝግታ እያለዘቡ ማቅናት፣ ከጣት እስከ ጭን በጀሶ መያዝ፣ ጀሶውን በየሳምንቱ መለወጥ ነው። አምስት ወይም ስድስት ጀሶ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አብዛኞቹ ሕፃናት በመጨረሻ የተረከዝ ጅማታቸው በጥቂቱ ይበጣል። ከዚያም እግሩ እንዳይመለስ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ፣ መጀመሪያ ለሦስት ወር ቀኑንም ሌሊቱንም፣ ቀጥሎ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው ሲተኛ ብቻ ያደርጋል።

ፖንሴቲ ውጤቱን በ1963 አሳተመ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። የብዙዎች ልብ መመለስ የጀመረው በ1995 በእርሱ ዘዴ ከታከሙት ሰዎች 45ቱ፣ 71 ቆልማማ እግር የነበራቸው፣ በአማካይ በ34 ዓመት ዕድሜያቸው ተመርምረው ውጤቱ ሲታወቅ ነው። ከእነርሱ 78 ከመቶ የሚሆኑት እግራቸው ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ሆኖ ተገኘ፤ ለንጽጽር ከተመረመሩት ያለ ጉድለት ከተወለዱ ሰዎች ይህን ያገኙት 85 ከመቶ ነበሩ። በ2006 ደግሞ በሰፊው ቀዶ ጥገና የታከሙ ሰዎች ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ተመርምረው የብዙዎቹ እግር ክፉኛ እንደ ተጐዳ ታየ። በአገራችንም ዶክተር ብርሃኑ አያና ከኖርዌያዊ ባልደረባቸው ጋር በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕክምና ሳያገኙ ከ2 እስከ 10 ዓመት የቈዩ 22 ልጆች፣ 32 እግሮች፣ በዚሁ ዘዴ ታክመው መልካም ውጤት እንዳገኙ ገልጸዋል። ጊዜው አልፏል ተብሎ ለተተወ ልጅ ይህ ታላቅ ዜና ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በቢላዋ የታከሙት ልጆች ሁሉ ምርምር አልተባለም እንጂ ተሞክሮባቸዋል። ልዩነቱ ሙከራው ስም አልነበረውም፤ ፈቃድ አልተጠየቀበትም፤ መዝገብም አልነበረውም። ስለዚህም ከአንዱ ልጅ ሥቃይ ለሚቀጥለው ልጅ የተረፈ ትምህርት አልነበረም። «በልጅ አይሞከር» የምንል ሰዎች ይህን ልናስብ ይገባናል። ውጤቱ ያልታወቀ ሕክምና በሰጠን ቊጥር እየሞከርን ነው። ምርጫችን በመሞከርና ባለመሞከር መካከል ሳይሆን ብዙ ጊዜ በታማኝነት ተመዝግቦ በሚጠየቅ ሙከራና ማንም በማይጠየቅበት ሙከራ መካከል ነው።

ይህ በሐኪም ቤት ብቻ የሚታይ አይደለም። ልጅ ከዛፍ ወይም ከፈረስ ወድቆ እጁ ሲሰበር መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው የተከበረ ሰው ነው፤ ብዙ ስብራትም ይጠገንለታል። ነገር ግን ስንጥሩ ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፤ እጁ ይበርዳል፣ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ይቈረጣል። በጉራጌ አገር በሚገኘውና ሕክምና ተልእኳቸው የሆነ ካቶሊካውያን ደናግል በ1969 ባቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል ይህን ጉዳት ያዩ ሐኪም፣ ዶክተር መኰንን እሸቴ፣ ወጌሾቹን አልረገሙም። የተቈረጡትን ቈጠሩ፤ ምክንያቱን መዘገቡ፤ ወጌሾቹን ጠርተው የአንድ ቀን ትምህርት ሰጡ፤ ከዚያም ደግመው ቈጠሩ። በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት ጉዳቱ ቀንሷል። በመጨረሻ የተደረገው ሁለተኛ ቈጠራ ባይኖር ኖሮ ትምህርቱ መጥቀሙን ማን ያውቅ ነበር? መቊጠር እዚህ ላይ የፍቅር ሥራ ሆነ።

ሁለት መምህራን

እንግዲህ ምርምር ያስፈልጋል ብንል እንኳ ጥያቄው አልተፈታም። መልካም ፍሬ ስላለው ብቻ ሁሉ የተፈቀደ አይሆንም፤ መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ ማለት በሐዋርያው ጳውሎስ የተወገዘ ነውና። በ1970ዎቹ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምግባር መምህራን በዚህ ነገር የተከራከሩትን ማስታወስ ይጠቅማል።

ፕሮቴስታንቱ ፖል ራምሲ በ1970 ባወጣው መጽሐፉ እንዲህ ሲል ተከራከረ። ወላጅ ለልጁ ሕክምና ሊፈቅድ ይችላል፤ ምክንያቱም ሕክምናው ለልጁ ለራሱ ነው። ለሌሎች ጥቅም ብቻ በሚደረግ ሙከራ ግን ወላጅ ልጁን አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም፤ አደጋው ትንሽ ቢሆን እንኳ ልጁን እንደ ዕቃ መጠቀም ነው። በ1974 ደግሞ ካቶሊካዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሪቻርድ ማኮርሚክ መለሰ። ሕፃን የሰው ልጆች ማኅበር አባል ነው፤ ማንም ሰው ያለ ጉዳት ሊያደርገው የሚገባው ትንሽ መልካም ነገር አለ፤ አደጋ የሌለበትና ድካሙም ጥቂት ከሆነ፣ ልጁ ቢችል ኖሮ ሊፈቅደው የሚገባውን ወላጁ ስለ እርሱ ቢፈቅድ በደል አይደለም አለ። ራምሲም ገና መናገር በማይችል ሕፃን ላይ የአዋቂ ግዴታ መጫን ተገቢ አይደለም ብሎ ጸና።

እኛ ከሁለቱ አንዱን ጥለን ሌላውን ለማንሣት አንቸኵልም። ራምሲ ደካማውን ይጠብቃል፤ ማኮርሚክ ሕፃኑንም የማኅበረ ሰብ ወገን ያደርገዋል። ለያዝነው ጉዳይ ግን ክርክራቸው መለያ ይሰጠናል። እናቲቱ ይዛ የመጣችው ወረቀት በሁለቱም መንገድ ለልጁ ለራሱ የሚደረግ ሕክምና ነው፤ ስለዚህ ራምሲም ቢሆን አይከለክለውም። ከሕክምናው በላይ ለጥናቱ ሲባል ብቻ የሚጨመር ነገር ካለ ግን፣ ለምሳሌ ትርፍ ራጅ፣ ትርፍ የደም ናሙና፣ ትርፍ ጉዞ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው መጠየቅ አለበት፤ ከጥቂት ድካም ማለፍም የለበትም።

ዕጣውስ? የልጅን ሕክምና በዕጣ መለየት ለብዙ ሰው የሚከብድ ነገር ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ የሚተካውን የመረጡት በዕጣ ነበር፤ ግን ሁለቱም እጩዎች የተገቡ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ነው። በሕክምናም ዕጣ የሚፈቀደው የትኛው እንደሚሻል በእውነት በማይታወቅበት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ እንደሚሻል የሚያውቅ ሐኪም ዕጣ ቢያወጣ ግማሾቹን ልጆች ዐውቆ በደለ። ማንም በማያውቅበት ጊዜ ግን ዕጣ ለማንም አያደላም፤ የሀብታሙንም የድኻውንም ልጅ በእኩል ያያል። የጀሶው ጥያቄ ራሱ ከእናቶች ድካም የተወለደ ነው። ሩቅ አገር የመጣች እናት ስድስት ሳምንት ከቤትዋና ከእርሻዋ ተለይታ ትቀመጥ ወይስ ነገሩ በአጭር ጊዜ ይለቅ? በማላዊ ይኸው ነገር በዕጣ ተነጻጽሮ በ2011 በታተመው ጥናት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ መቀየር ሳምንታዊውን ያህል እንደሚሠራ ታይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል። በሌላ አገር የተመለሰው ጥያቄ እዚህ ለምን ይደገማል? አጥጋቢ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ምክንያት ከሌለው ግን ልጆቹን በከንቱ ያደክማል።

ድኻ እናት እና ነጻ ፈቃድ

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። እናቲቱ አልፈርምም ብትል ልጄን አያክሙትም ብላ ከፈራች ፊርማዋ ነጻ አይደለም። የዊሎውብሩክ ወላጆች ታሪክ እዚህም ይደገማል። በወላይታ በእግር ዝሆኔ ሕመምተኞች ዘንድ ምርምር ከመጀመሩ በፊት ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ሕዝቡን ስለ ፈቃድ አሰጣጡ ራሱ ጠይቀው ነበር፤ ጥናታቸውም በ2009 ታትሟል። ሰዎቹን ያሳሰባቸው መርፌው ሳይሆን በሽታው በዘር የሚሄድ ነው ተብሎ ቤተሰባቸው መገለሉ ነበር። ከወረቀቱ ይልቅ የሚያምኑት ሰው ቀርቦ ማስረዳቱ ይበልጥ ይመዝን ነበር። የእግር ዝሆኔ ከቆልማማ እግር የተለየ ቢሆንም፣ በእኛም አገር «ከዘራቸው ነው» የምትባል አንዲት ቃል የእኅቶቹን ጋብቻ ልትዘጋ እንደምትችል ማን ያጣዋል?

ከዚህ የተነሣ በቋንቋዋ ያልተነገራት እናት ፈቀደች ሊባል አይገባም። በአገውኛ ይነገራት፤ የተነገራትንም በራስዋ ቃል ደግማ ትናገር። እምቢ ብትል ሕክምናው እንደማይቀርባት በግልጽ ትስማ። የጀመረችውንም በፈለገችበት ቀን ማቋረጥ እንደምትችል ትወቅ። የምርምሩም ፍሬ ወደ እርስዋ ሰፈር ይመለስ፤ የድኻ ልጆች ድካሙን ተሸክመው ጥቅሙ ለሌላ አገር ልጆች ብቻ የሚሄድ ከሆነ ፍትሕ የለበትምና። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ የእነርሱ ደኅንነት በቀዳሚነት እንዲታሰብ ያዝዛል።

መቶኛው በግ

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ነገር ለይተን እንንገር። በእንዲህ ያለ ጥናት ሁሉ ሳይመለሱ የሚቀሩ ልጆች አሉ። የአውቶቡስ ገንዘብ ያጣች አለች፤ የመኸር ሥራ የያዛት አለች፤ ሌሊት ጫማውን ስታስር ልጁ ቢያለቅስባት ልብዋ ራርቶ የተወችው አለች። ጫማው ከተተወ ደግሞ እግሩ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይቈለመማል። እንግዲህ የተመለሱትን ብቻ ቈጥሮ «ሕክምናው ሠምሯል» የሚል ጥናት ራሱንም ሌላውንም ያታልላል፤ የቀሩት ምናልባት የከፋባቸው ናቸውና። ጌታችን በምሳሌው የተናገረለት እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ይዞ መንጋዬ ሙሉ ነው አላለም። ሐቀኛ ተመራማሪም እንደዚሁ የጠፋውን ልጅ ይፈልጋል።

በዚህ ቦታ ሐኪሙ ሊደርስ የማይችልበት ደጃፍ ላይ የሚደርሰው የሰፈሩ ሰው ነው። መምህሩ ፈራሚ አይደለም፤ አስፈራሚም አይደለም፤ «አባ ካህኑ ፈርሚ ብለዋል» የሚል ቃልም ከቁምስናችን እንዳይወጣ እንለምናለን። በእግዚአብሔር ስም የተገኘ ፊርማ በፍርሃት ከተገኘው አይሻልም። የመምህሩ ሥራ ወረቀቱን በቋንቋዋ ማንበብ፣ ከፈለገችም አብሯት ሄዶ እንድትጠይቅ መርዳት ነው። ጥያቄዎቹም ብዙ አይደሉም። ይህ ለልጄ ነው ወይስ ለሌሎች? የትኛው እንደሚሻል በእውነት አይታወቅም? እምቢ ብል ሕክምናው ይቀርብኛል? ልጄ ላይ ተጨማሪ የሚደረግ ነገር ምን አለ? የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶታል? ውጤቱንስ ማን ይነግረኛል? ከዚህም በኋላ፣ ፈረመችም አልፈረመችም፣ ሌሊት ሌሊት ጫማውን እንድታስር ማበረታታት፣ ለአውቶቡሱ የሚሆን ነገር ከማኅበሩ ማዋጣት፣ ባልዋና አማትዋ እንዳይነቅፏት ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው።

እንግዲህ እናቲቱን ምን እንበላት? «ልጅሽ የሰው ልጅ ነው፤ መሞከሪያ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ዛሬ ልጅሽን የሚያድነው ጀሶ የተገኘው የሌሎች እናቶች ልጆች ተመዝግበው፣ ከብዙ ዓመትም በኋላ እግራቸው ምን እንደ ሆነ ተጠይቀው ነው። የተነገረሽ እውነት ከሆነ፣ ሳትፈሪም ከሆነ፣ ብትፈርሚ ልጅሽን አልበደልሽውም። ልብሽ ካልወደደም ብትተዪ ማንም አይፍረድብሽ፤ ሕክምናውን ግን አትተዪ» እንላታለን።

ይህን ስንል የሚመዝነን አንድ መስፈሪያ አለ። ሕፃኑ ዛሬ ሊጠየቅ አይችልም፤ ነገር ግን ያድጋል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ፣ ከ20 ዓመት በኋላ እርሱም በፈረሱ ላይ ሆኖ ወይም በዳር ቆሞ በመካከላቸው ይኖራል። መጥቶ፣ «ገና ሳላውቅ በእግሬ ላይ ምን አደረጋችሁ? ለምንስ አደረጋችሁት?» ቢለን፣ ዓይኑን እያየን ሁሉን ልንነግረው የምንችል ከሆነ ያደረግነው ቀና ነበር። አንድ ነገር እንኳ ልንደብቀው የምንፈልግ ከሆነ፣ ያ የምንደብቀው ነገር ዛሬ መደረግ የለበትም። ይህ መስፈሪያ ለተመራማሪው ብቻ አይደለም፤ ልጁን ከሕክምና ሸሽገው ላስቀሩትም፣ እርግማን ነው ብለው ላወሩበትም፣ አይተው ላለፉትም ጭምር ነው። እግሩ ሳይቃና ቢቀርም እንኳ በመካከላችን እንደ ወንድም መኖሩን ወይም እንደ ነውር መሰወሩን ይጠይቀናል።

በምራቁ ጭቃ ለውሶ የድኻውን ዓይን የቀባ ጌታ፣ በሐኪሞቻችን እጅ ላይ ጥበብን፣ በተመራማሪዎቻችን ልብ ላይ እውነትን፣ በእናቶቻችን ላይ ጽናትን፣ በእኛም ላይ የማያልፍ ርኅራኄን ያሳድርብን። አሜን።